የሾፌር ዓይን

ጥቅምት እኩሌታ፣ በማለዳው ብርድ፣
ከቦሩ ተነሥተን ወደ ሐይቅ ስንወርድ፣
አባቴ ከጎኔ፣ ቀበቶው ታስሮለት፣
ጥቁር መነጽሩ አፍንጫው ላይ ሰፍቶት፣
ፋሻው ከግራ ዓይኑ ትናንት ማታ ወልቆ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ የከለለው ሞራ በሐኪም እጅ ርቆ።

«ሞራ ገላጭ ነበር» አለኝ «በእኛ አገር፣
የፍሪዳ ሞራ ዘርግቶ የነገን የሚናገር።
ይኼኛው ይለያል» አለ ስለ ሐኪሙ፣
«የእኔኑ ሞራ ገልጦ ዛሬን አሳየኝ፤ ይለምልም ስሙ!
ነገንማ ማን ጠየቀው?»
ሳቀ፤ ሳቁ ራሱ ዓይኑን አስጨነቀው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ ጎዳና
ኤንትሬ ነድቷል፤
ከአሰብ ጨው፣ ከኮምቦልቻ ጣቃ ጭኗል፤
ባዶ ሲመለስ፣ ኬላ ላይ ሲጠየቅ፣ «የጫንኩት ደመና!» ብሏል።
ዓይኑ ከተጋረደም ወዲህ ኩርባ አያመልጠውም፤
በወገቡ ያነበዋል፣ በዓይኑ አይደለም፦
«ሞሚና፣ ቁልቁለት መጣ፤ ማርሽ ቀንሺው፣
ፍሬን አታድክሚ፣ በሞተር ያዢው።»

የእኔ መፀው ይኼ ነው፦
ከፊቴ የሚያዘግም፣ ጭድ የጫነ አይሱዙ፣
በመስታወቴ ላይ የሚበተን ብናኝ፣ ቢጫ፣ ብዙ ብዙ፤
መሐል መንገድ ቆሞ የሚያስብ አህያ፣
ሣር የተሸከመ ባጃጅ፣ ታጥፎ የሚጠፋ ወዲያ፤
ቀና ልበል ብል ጉድጓድ፣ ዞር ልበል ብል ገደል፤
ተራራው ቀለም ቢለብስ እንኳ ለእኔ ዓይን አይታደል።

«አቤት! አቤት!» ይላል እሱ፣
«ጤፉን አየሽው? ግማሹ ለምለም፣ ግማሹ ነሐስ መስሎ፣
እንደ ጁምዓ ሰጋጅ ጎንበስ ቀና ይላል ነፋሱን ተከትሎ።
አደዩም አልሄደም፤ ድንበር ድንበሩን ይዞ
እንደ ዘገየ ሠርገኛ ቀርቷል ፈዞ።
ያ ሰማያዊውስ፣ ጭስ ነው ተራራ?»
«ተራራ ነው አባየ።»
«ይህን ያህል አለ እንዴ? ከአንዱ ኋላ ሌላ፣ ከሌላው ኋላ ሌላ፤
ማን ደረደራቸው በተራ በተራ?»

ከዚያ አንዱን ኩርባ ታጥፈን
ዝም አለ።
ዝምታው ረዘመ፤ ሞተሩ ብቻ አወራ።
«ሞሚና... ሰማዩ ወድቋል እንዴ፣ እዚያ ታች?»
«ሐይቁ ነው አባየ። ስንቴ አልፈኸዋል እኮ!»
«እኔ?» አለ። «ሐይቅ ለእኔ ከተማ ነው፤
ጎማ የሚነፋበት፣ ሻይ የሚጠጣበት፣
ቆሮሶ በበርበሬ የሚጠበስበት።
ውሃ እንዳለው ሰምቻለሁ፣ ሰው ሲያወራ።
የሾፌር ዓይን፣ ልጄ፣ አስፋልት ነው ርስቱ፤
ዳር ዳሩን ያየ ለት ይደፋል መኪናው፣ ከነነፍሱ ከነጭነቱ።»

ልዞር ስል በመዳፉ ጉንጬን መለሰኝ፤
«አንቺ መንገድሽን ያዢ፣ እኔ አይልሻለሁ» አለኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ያላየውን ሁሉ በአንድ ዓይን ቆጠረልኝ፦
ታንኳ አለ። ሁለት። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ይሄዳል።
ወደ ውሃው የገባ መሬት አለ፣ ዛፍ ደርቦ።
ነጭ ወፍ አለ፤ አይ፣ ላስቲክ ነው፤
አይ፣ ወፍ ነው፤ በረረ።

ዳር ስንደርስ አቆምኩ፤ ሞተር አጠፋሁ።
ዞሬ ግን መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፦
በጥቁር መነጽሩ ሁለት ትንንሽ ሐይቅ
ጎን ለጎን ተኝተው፣
አንዱ ለዳነው ዓይን፣ አንዱ ተራውን ለሚጠብቀው።

«ውሃ እንዳይነካው» ብሎ ነበር ሐኪሙ፣ በብርቱ።
አባየ መነጽሩን ከፍ አደረገና
ያን ሁሉ ውሃ አስነካው፣ ባንድ ጊዜ፣ በሙሉ ስፋቱ።
ከውስጥ የመጣችውን ጠብታ ግን
በጋቢው ጫፍ ቶሎ አፈናት፣
እኔ እንዳላያት፣ ወይ ሐኪሙ እንዳይሰማባት።

ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ፤
ተነሣን።
አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ አገጩን ወንበሩ ላይ ጥሎ
ሐይቁ በዛፎቹ መሐል ተቆራርጦ እስኪጠፋ፤
ፊቱን ሳይመልስ
«ኩርባ አለ» አለኝ፣ «ሁለተኛ አስገቢ።»